ስለ ዞምቢ አነዳደፍ፤ ለጠረጴዛ የምናብ ጨዋታ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

የጠረጴዛ የምናብ ጨዋታ የሚባለው በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ግን በአጭሩ እንገልጸዋለን። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ሰው፣ ለምሳሌ የወታደር፣ የካህን ወይም የአስማተኛ ጠባይ ይይዛሉ። መሪው ቦታውንና የሚደርሰውን ነገር በቃል ይተርካል፤ ተጫዋቾቹም «እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ይመልሱለታል። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ፣ ማለት በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ይጣልና የወጣው ቁጥር ይፈርዳል። በመሪው እጅ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ጭራቅ ነው። ከጭራቆችም መካከል አዘውትሮ የሚመጣው ዞምቢ፣ ማለት ሞቶ ሳለ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ያነሣሣን ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዞምቢ ለመንደፍ ከሁሉ የቀለለ ጭራቅ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያለ ሐሳብ ይነደፋል፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይረሳል። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ግን ይህ ነው፤ ጭራቅ የሚነድፍ ሰው በጨዋታው ውስጥ ማን ያለ ጸጸት ሊገደል እንደሚችል የሚወስን ሰው ነው። ዞምቢም ትናንት ሰው የነበረ ስለ ሆነ ውሳኔው ቀላል አይደለም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ፣ ነዳፊው ስለ ቁጥር ከማሰቡ አስቀድሞ «ይህ ሬሳ የሚሄደው በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል የሚል ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. የዞምቢ አመጣጥ

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዞምቢ የተገኘው ከሃይቲ ነው። ሃይቲ ቀድሞ ሳን ዶማንግ ተብላ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተጋዙ እጅግ ብዙ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻዋ ላይ ይሠሩ ነበር። ሥራውም የከፋ ከመሆኑ የተነሣ የሚሞተው ብዙ ነበርና በሟቹ ቦታ ሌላ ባሪያ ይገዛ ነበር። በ1791 ዓ.ም. ባሮቹ ተነሡ፤ ከረጅም ጦርነትም በኋላ በጥር 1 ቀን 1804 ዓ.ም. ሃይቲ ነጻነቷን አወጀች።

በዚህ ሕዝብ አፈ ታሪክ ዞምቢ ማለት ቦኮር የሚባል አስማተኛ ከመቃብር አስነሥቶ ያለ ፈቃዱ የሚያሠራው ሰው ነው። ዞምቢው አይናገርም፣ አያስታውስም፣ አይከፈለውም፤ የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሃይቲ ገበሬ በዋናው የሚፈራው ዞምቢ እንዳይበላው አይደለም፤ ራሱ ዞምቢ እንዳይሆን ነው እንጂ። ለባሪያ ሞት ቢያንስ የሥራ ማብቂያ ነበር፤ ዞምቢ ግን ያ ማብቂያ እንኳ የተነፈገው ሰው ነው። እንዲሁም ዞምቢ ጨው የቀመሰ እንደ ሆነ ማን እንደ ነበረ ያስታውሳል፤ መሞቱንም ዐውቆ ወደ መቃብሩ ይመለሳል ተብሎ ይነገራል። ደግሞም ቩዱ የሚባለው የሃይቲ ሕዝብ ሃይማኖት የራሱ ካህናትና ሥርዐት ያለው ስለ ሆነ ከቦኮር ሥራ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው።

የአሜሪካ ጦር ሃይቲን ከ1915 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዞ በነበረበት ጊዜ ወሬው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ዊልያም ሲብሩክ የተባለው ጸሐፊ በ1929 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በሸንኮራ እርሻ የሚሠሩ ዞምቢዎች ጨው ያለበት ምግብ ቀምሰው ወደ መቃብራቸው ስለ መሄዳቸው የሚነገረውን ታሪክ አወራ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ «ኋይት ዞምቢ» የሚባለው ፊልም ወጣ። በዚያ ፊልም ዞምቢዎች የስኳር መፍጫ ሲያዞሩ ይታያሉ፤ አንዱ ወደ መፍጫው ውስጥ ሲወድቅ የቀሩት ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እስከዚህ ድረስ ዞምቢ ሠራተኛ ነበር፤ ጌታም ነበረው።

ነገሩ የተለወጠው በ1968 ዓ.ም. ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በፔንሲልቫኒያ በትንሽ ገንዘብ የሠራው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተባለው ፊልም ጌታ የሌላቸውን፣ የሰው ሥጋ የሚበሉትን፣ ጭንቅላታቸው ካልተመታ የማይወድቁትን ሙታን አመጣ። በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አልተነገረም፤ ስሙን በኋላ የሰጣቸው ተመልካቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ዞምቢ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው እነዚህን ሆነ። ተበዳዩ ሠራተኛ አስፈሪ በላተኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

2. ዞምቢ ወደ ጨዋታው እንዴት እንደ ገባ

ለዚህ ዐይነት ጨዋታ ሁሉ አባት የሆነው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 ዓ.ም. በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርንሰን ደራሲነት ታተመ። በዚያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ዞምቢ ካስነሣው አስማተኛ ወይም ካህን ትእዛዝ በቀር ምንም አያደርግም። በ1977 ዓ.ም. በወጣው የጭራቆች መጽሐፍም ቀርፋፋ ስለ ሆነ በውጊያ ሁልጊዜ የሚመታው ከሁሉ በኋላ ነው ተብሎ ተደነገገ። እንግዲህ ፊልሙ ጌታውን ቢጥለውም ጨዋታው ጌታውን ጠብቆት ነበር። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ለሬሳው ማዘን ጠፋ። ተጫዋቾቹ ዞምቢውን መትተው ያልፋሉ እንጂ ማን እንደ ነበረ አይጠይቁም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኦል ፍሌሽ መስት ቢ ኢትን» የተባለ፣ ስለ ዞምቢ ብቻ የተዘጋጀ ጨዋታ ወጣ። ይህ መጽሐፍ ለነዳፊው ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ዞምቢን በክፍል በክፍል ለያይቶ ድክመቱ የት እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሄድ፣ ጕልበቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ በምን እንደሚያይና እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚያስብና እንዴት እንደሚባዛ መሪው እንዲመርጥ ያደርጋል። እኛም ይህን ዝርዝር ተቀብለን፣ ከዝርዝሩ በፊት የፈቃዱን ጥያቄ እናስቀድማለን።

3. ሦስት ዐይነት ፈቃድ

ዞምቢን የሚያንቀሳቅሰውን ፈቃድ በሦስት እንከፍለዋለን።

ሀ) የሕያው ጌታ ፈቃድ። ይህ የሃይቲው ነው። እንዲህ ያለው ዞምቢ ድክመቱ ከገላው ላይ ሳይሆን ከጌታው ላይ ነው። ስለዚህ ነዳፊው ትእዛዙ እንዴት እንደሚደርስ መወሰን አለበት፤ በድምፅ ነው? በደወል ነው? እስከ ምን ርቀት ይሰማል? ተጫዋቾቹ ይህን ሲደርሱበት ውጊያው ከመቍረጥና ከመግደል ወደ መፈለግና ወደ ማሰብ ይዛወራል።

ለ) የራብ ፈቃድ። ይህ የ1968ቱ ነው። ጌታ ስለሌለው ድርድርም ማታለልም የለም። የሚያስፈራው አንዱ ዞምቢ አይደለም፤ ብዛቱና ጊዜው ነው። እዚህ ላይ ነዳፊው ሊያስብበት የሚገባው ስለ በር፣ ስለ ጥይት፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ነው። ጭንቅላትን መምታት የሚለውም በሕግ ሊገባ ይችላል፤ ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አራተኛ እትም ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ከፍተኛውን ምት ሲያሳይ ዞምቢው ወዲያው ይወድቃል።

ሐ) የመጨረሻ ትእዛዝ ፈቃድ። ጌታው ሞቷል፤ ትእዛዙ ግን ቀርቷል። «ይህን በር ጠብቅ» ተብሎ የታዘዘ ሬሳ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የበሩን መቃን ሲጠብቅ ይኖራል። እንዲህ ያለው ዞምቢ ክፉ አይደለም፤ ትእዛዙ ምን እንደ ነበረ የደረሰበት ተጫዋች ሳይዋጋ ሊያልፈው ይችላል። ለጀማሪ መሪ ከሦስቱ ይህን እንመክራለን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ጭራቁን በሙሉ ሊያገኘው ይችላልና።

ሦስቱን መቀላቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ነዳፊው ሳያውቀው ከተቀላቀሉበት ሕጉ ይጋጫል። በጌታ የሚታዘዝ ዞምቢ ለምን ሥጋ ይበላል? ራብ የሚነዳው ዞምቢስ ለምን ደወል ይሰማል? ተጫዋች እንዲህ ያለውን ግጭት ፈጥኖ ያያል፤ ካየውም በኋላ አይፈራም።

4. የቍጥሩ ነገር

ፈቃዱ ከተወሰነ በኋላ ቍጥሩ ይከተላል። ለምሳሌ የምንወስደው በ2014 ዓ.ም. የታተመውን የአምስተኛ እትም የጭራቆች መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ዞምቢ 22 የሕይወት ነጥብ አለው፤ የመከላከያ ቍጥሩ 8 ስለ ሆነ ማንም በቀላሉ ይመታዋል፤ በአንድ ተራ 20 ጫማ ብቻ ይሄዳል፤ ሰው ግን 30 ጫማ ይሄዳል።

ከዚህ የምንማረው አንደኛው ነገር፣ መሸሽ የሚችል ሰው ከዞምቢ ሁልጊዜ ያመልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በሰፊ ሜዳ ላይ ዞምቢ ማቆም ዋጋ የለውም። ተጫዋቾቹን የሚያቆያቸው ምክንያት ያስፈልጋል፤ ይኸውም የቆሰለ ጓደኛ፣ መከፈት ያለበት በር፣ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ዞምቢውን ማፍጠን ብዙዎች የሚመርጡት መላ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከዞምቢው ይልቅ ቦታውን ማጥበብ ይሻላል።

ሁለተኛው ብዛት ነው። የመከላከያ ቍጥሩ 16 የሆነ ወታደር አንድ ዞምቢ ሊመታው ሲሞክር ከዳይሱ 20 ፊቶች 8ቱ ብቻ ለዞምቢው ይረዱታል፤ የአንዱ ምት ጉዳትም በአማካይ 4.5 ነው። ይህ ሲባዛ በየተራው ወደ 2 ነጥብ የሚጠጋ ጉዳት ይሆናል፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን በካሬ በተከፈለ ሰሌዳ ላይ አንድን ሰው ስምንት ዞምቢ ሊከበው ይችላል። ስምንቱ በአንድ ተራ ወደ 16 የሚጠጋ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ጀማሪ ወታደር ብዙውን ጊዜ የሚኖረው 12 ነጥብ ገደማ ነው። ስለዚህ መሪው ሊጠነቀቅ የሚገባው ዞምቢዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ባንድ ጊዜ ሊደርሱ እንደሚችሉ ነው።

ሦስተኛው አልወድቅ ማለት ነው። በዚሁ መጽሐፍ ዞምቢው ነጥቡ ወደ 0 ሲወርድ ወዲያው አይሞትም። ዳይስ ይጣልለታል፤ በወጣው ላይ 3 ይጨመርና ድምሩ ከ5 እና ከደረሰበት ጉዳት ድምር ጋር ከተካከለ ወይም ከበለጠ በ1 ነጥብ ይቆያል። የመጨረሻው ምት 8 ጉዳት ቢያደርስ ዞምቢው 13 ያስፈልገዋል፤ ዳይሱም 10 ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ ይህም ከ20 ዕድል 11ዱ ነው። ምቱ 15 ጉዳት ቢያደርስ ግን ዕድሉ ከ20 ወደ 4 ይወርዳል። ከፍተኛው ምትና የብርሃን ኀይል ጉዳት ይህን ዕድል ይከለክሉታል። ይህ ሕግ በጥሩ ሁኔታ የተነደፈ ነው እንላለን፤ «ሬሳው አልሞት አለ» የሚለውን ፍርሃት መሪው በቃላት ሳያጋንን ዳይሱ ራሱ ይናገረዋልና።

5. ምሳሌ፤ የሸንኮራው እርሻ ሠራተኞች

አሁን የራሳችንን ንድፍ እናቀርባለን። ገላውን ከላይ ከጠቀስነው ከ2014ቱ መጽሐፍ እንዳለ ወስደናል፤ የጨመርነው አራት ሕግ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ እነዚህ ዞምቢዎች ካልታዘዙ ማንንም አይመቱም፤ ሌሊቱን ሙሉ አገዳ ይቈርጣሉ። ሁለተኛ፣ የጌታቸውን ድምፅ የሚሰሙት እስከ 60 ጫማ ርቀት ነው። ሦስተኛ፣ ጌታው ቢሞት ወይም ዝም ቢል የመጨረሻውን ትእዛዝ ይቀጥላሉ። አራተኛ፣ አንድ ሰው ጨው በዞምቢው አፍ ውስጥ ቢያስገባ ዞምቢው ያስታውሳል፤ የጨበጠውን ማጭድ ጥሎ ወደ መቃብሩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያዘው አይችልም።

ሦስተኛው ሕግ አደገኛ ነው። ጌታው «ግደሏቸው» ካለ በኋላ ፈጥኖ የገደለው ተጫዋች ትእዛዙን የሚሽር አንድ ሰው እንኳ ሳያስቀር ገደለ ማለት ነው። ስለዚህ ጌታውን መግደል መልስ የሚመስል ወጥመድ ይሆናል።

ይህን ንድፍ በመኝታ ቤታችን ከአራት ጓደኞቻችን ጋር በሁለት ምሽት ሞከርነው። በመጀመሪያው ምሽት ያለ አራቱ ሕግ ተራውን ዞምቢ አመጣን። ጓደኞቻችን አሥሩንም ገድለው ስለ ሻይ ማውራት ጀመሩ። በሁለተኛው ምሽት ሕጎቹን ጨመርን። ዞምቢዎቹ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩአቸው አገዳቸውን ሲቈርጡ፣ የወታደሩን ጠባይ የያዘው ጓደኛችን ዳይሱን አንሥቶ ነበርና መልሶ አስቀመጠው፤ «እነዚህን የምመታቸው ምን አድርገውኝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ስለ መምታት ሳይሆን ጨው ከየት እንደሚገኝ ሲከራከሩ አመሹ።

ስሕተታችንንም መደበቅ አይገባንም። በመጀመሪያ ጨው ገላውን ቢነካው ይበቃል ብለን ጽፈን ነበር። ጓደኞቻችን አንድ ጆንያ ጨው አግኝተው በእፍኝ ሲበትኑት ጨዋታው በአንድ ጊዜ አለቀ። ስለዚህ ጨው በእጅ፣ ለአንድ በአንድ፣ በአፍ ውስጥ መግባት አለበት ብለን አረምነው። አሁን ተጫዋቹ ዞምቢውን ለማዳን ማጭዱ ወደሚደርስበት ቦታ ራሱ መቅረብ ግድ ይሆንበታል፤ ፊቱንም ያያል። ያ ቅርበት ነው ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው።

6. ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

የዞምቢውን ጌታ ማንነት መወሰንም በራሱ ኀላፊነት አለበት። ይህን ከአገራችን እንማራለን። ቡዳ የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ከመቃብር አውጥቶ በቤቱ ያሠራዋል የሚል ወሬ በእኛም ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። ወሬው ከሃይቲው ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ የሚያመለክተው ጣት ግን ሌላ ነው። ሃይቲዎች በታሪኩ የሚያስታውሱት የተሠራባቸውን ግፍ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን ታሪኩ ግፍ መሥሪያ ሆነ። ቡዳ ናቸው እየተባሉ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤል ተገልለው ኖረዋል። ማረሻውን የሠራልን ሰው ሬሳ አስነሺ ተባለ።

እንግዲህ የጨዋታ መሪ «ሬሳ አስነሺዎቹ በወንዙ ማዶ ያሉት እነዚያ ሕዝብ ናቸው» ወይም «እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ የሚሠሩት ናቸው» ብሎ ቢነድፍ ጨዋታ ነው በማለት ከበደሉ ነጻ አይሆንም። ጌታው አንድ ሰው ይሁን፤ ስም፣ ምክንያትና ጥቅም ይኑረው። በእኛ ንድፍ ጌታው እርሻው የእርሱ የሆነ፣ ደመወዝ መክፈል ያልፈለገ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር አላስፈለገውም።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልለው፣ ዞምቢን የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ ሬሳው በማን ፈቃድ እንደሚሄድ ይወስን፤ ቀጥሎ ያ ፈቃድ እንዴት እንደሚቋረጥ ይወስን፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን ያጥብብ፤ ቍጥሩን በመጨረሻ ያስላ። በዚህ ተራ የተነደፈ ዞምቢ ቀርፋፋና ደካማ ቢሆንም በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ያሳስባቸዋል።

ይህ ጽሑፍ የጀማሪዎች ሙከራ ስለ ሆነ ጕድለት አያጣውም። ንድፉን የሞከረ አንባቢ ቢኖር ጨዋታው የከሸፈበትን ቦታ እንዲጽፍልን እንለምናለን፤ እኛን ያረመን የጨው ጆንያው ነውና። በሁለተኛው ምሽት ጨዋታው ሲያልቅ ከአሥሩ ዞምቢዎች ሰባቱ ወደ መቃብራቸው ሄደው ነበር። ሦስቱ ግን ጨው ሳይደርሳቸው ሌሊቱ ነጋ። ጓደኞቻችን በሚመጣው ቅዳሜ ለእነዚያ ሦስቱ እንመለስ ብለዋል።